ሰውዬው የት ነው የሚያድረው?

ይሄን ታሪክ ሰው ቤት ስንጫወት ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላውቅም። ወሬው ወደ ፊልም ከዞረ በቃ እኔ ይቺን ይዤ እገባለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ "ወይ ልጅቷ፣ ጉደኛ ናት!" ይባላል፣ ቡናው ይደገማል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በተከራየናት ባለ አንድ መኝታ ቤት የባለቤቴ ሁለት ጓደኞች መጥተው፣ ፍላሽ ላይ አስጭነው ያመጡትን ፊልም ላፕቶፑን ከቲቪው ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኝተን እያየን ነው። ስኖውፒርሰር። የኮሪያው ቦንግ ጁን ሆ በፈረንጆቹ 2013 የሰራው (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው)፣ ዓለም በረዶ ሆና ቀርታ የተረፈው ሰው በሙሉ ቆሞ በማያውቅ ባቡር ውስጥ የሚኖርበት፣ ድሃው ጭራ ላይ ሀብታሙ ፊት ላይ። አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል ብዬ ነው የማወራው፣ ያላያችሁት ግን መጨረሻውን ስለምናገር ከአሁኑ ይቅርታ።

ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ ወጥ ቤቱ በር ስር ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። ሶፋው ላይ ቦታ ነበረ፣ "ነይ እዚህ ተቀመጪ" ብያታለሁ፣ "እዚሁ ይሻለኛል እትዬ" አለች። እንግሊዝኛ ስለማትችል ባለቤቴ ልክ እንደ ትርጉም ፊልም ተራኪ ድምጹን አጎርንኖ ይተረጉምላታል፣ ግማሹን ከራሱ እየፈጠረ። ጭራ ላይ ያሉት አመጹ፣ በመጥረቢያ ሲጫረሱ ቆዩና በስንት መከራ ግድግዳና ጣሪያው ሁሉ ዓሣ የሚዋኝበት ፉርጎ ደረሱ። እዚያ አንድ ሰውዬ ቆሞ ሱሺ ሰራላቸው። እኛ አፋችንን ከፍተን ዓሣውን እናያለን። እሷ ከኋላችን፦

"እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚያድረው?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ይሄ ዓሣ የሚከትፈው። ከፊተኞቹ ጋ ነው ወይስ ከኋለኞቹ ጋ?"

ቤቱ በሳቅ አለቀ። አንደኛው ጓደኛችን "ፊልም ነው እኮ የኔ እህት፣ እሱ እዚያው ሲከትፍ ነው የሚያድረው" አላት። እሷም ሳቀች መሰለኝ። መሰለኝ የምለው ዞሬ ስላላየኋት ነው።

በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው፣ እኔ የማወራው እስከዚህ ድረስ ነበር። አሁን አሁን ግን አላወራውም፣ ባለፈው ሰው ቤት ሆነን ባለቤቴ "እስቲ ያቺን የሱሺውን" ሲለኝ ረስቼዋለሁ ብዬ ዋሸሁ።

ሁላችንም ጭራ ነን

ፊልሙ ካለቀ በኋላ የነበረውን ክርክር አስታውሳለሁ። አራት ሰዎች ነበርን (አያችሁ፣ አራት ነው ያልኩት)፣ ማነው ፊት ማነው ጭራ እያልን አገር ስናተራምስ። ባለስልጣኑን፣ አስመጪውን፣ ኮንትራክተሩን፣ ሁሉንም በየፉርጎው ደለደልነው። ራሳችንን ደግሞ ያለ ምንም ክርክር ጭራ ላይ አስቀመጥን። ምክንያትም አለን፣ ደሞዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ አከራይ በየስድስት ወሩ ይጨምራል፣ ታክሲ ሰልፍ አለ፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ጭራ ላይ ያሉት የሚበሉትን ያንን ጥቁር ጄሊ የመሰለ ነገር አይታችሁታል አይደል፣ ከበረሮ ተፈጭቶ የሚሰራውን፣ ባለቤቴ "የኛ እሱ ሽሮ ነው" አለ፣ ሽሮን የሚሰድብ ሰው ላይ ብዙ የምለው አለኝ ግን ይቅር።

ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው፣ አሁንም እንደዛ ነው የማስበው። ብዙ ሰው የሚያነሳው መጥረቢያውን ነው፣ እኔን የያዘኝ ግን ንግግሩ ነው። ሜሰን የምትባለዋ ሴትዮ፣ ቲልዳ ስዊንተን ጥርስ አስገብታ የተጫወተቻት፣ ጭራ ላይ ያሉትን ሰብስባ ስለ ጫማና ስለ ባርኔጣ ትሰብካለች። ባርኔጣ ራስ ላይ ነው ጫማ እግር ላይ ነው፣ እኔ ባርኔጣ ነኝ እናንተ ጫማ ናችሁ፣ ጫማ ራስ ላይ አይወጣም። ይሄን ስትል ጎኗ የአንድ ሰው እጅ በባቡሩ ቀዳዳ ወደ ውጪ ወጥቶ በብርድ እየደረቀ ነው። ሱሺው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚቀርበው፣ ጥርና ሐምሌ ላይ ልበለው በኛ፣ ለምን ቢባል የዓሣው ቁጥር እንዳይዛባ ነው፣ ሚዛን ነው ይላሉ። ሁሉ ነገር ሚዛን ነው። መጨረሻ ላይ እንደሚታወቀው አመጹ ራሱ ሚዛን ሆኖ ይገኛል፣ የባቡሩ ባለቤት ዊልፎርድና የጭራዎቹ ሽማግሌ ጊሊያም በስልክ እየተደዋወሉ ስንት ሰው መሞት እንዳለበት ይነጋገሩ ነበር። አመጹም በጀት ተይዞለታል ማለት ነው።

እና እንዲህ በደንብ የታሰበበት ፊልም ውስጥ፣ ያ ሱሺ የሚሰራው ሰውዬ የሚያድርበት ቦታ የለም። በኋላ ሌላ ጊዜ ሆን ብዬ ተመልክቻለሁ። ልብስ ሰፊ አለ፣ ጥርስ ሐኪም አለ፣ ፀጉር ቤት አለ፣ መዋኛ አለ፣ ጭፈራ ቤት አለ፣ እርጉዝ አስተማሪ አለች። መጀመሪያ ላይ ከጭራ አንድ ሽማግሌ ቫዮሊን ስለሚችል ብቻ ሚስቱን ጥሎ ወደፊት ሲወሰድም እናያለን። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ማታ ሲሆን ወዴት እንደሚሄዱ ግን ካሜራው ገብቶ አላሳየንም። ዳይሬክተሩም አልጠየቀ፣ ሃያሲውም አልጠየቀ፣ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ዱካ ላይ የተቀመጠች ልጅ ናት የጠየቀችው።

ሩቅ ያለ ሀብታም

ከዚያ ወዲህ እንደዚህ አይነት ፊልም ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ሳላዘው የሚፈልገው የሚያጥበውን፣ የሚያነሳውን፣ በር የሚከፍተውን ሰው ሆነ። እና የሚገርመው ብዙ ጊዜ አታገኙትም፣ ምክንያቱም ፊልሞቹ ሀብታምና ድሃን እጅግ አራርቀው ነው የሚያስቀምጡት።

የሁሉም አያት የጀርመኑ ሜትሮፖሊስ ነው፣ ፍሪትዝ ላንግ በ1927 በርሊን ላይ ያሳየው ድምጽ አልባ ፊልም። ሀብታሞቹ ፎቁ ላይ፣ ማሽኖቹ መሬት ውስጥ፣ ሰራተኞቹ ደግሞ ከማሽኖቹም ስር ሌላ ከተማ ተሰርቶላቸው። የከተማው ጌታ ልጅ የአትክልት ስፍራው ውስጥ ሲቀብጥ፣ ማሪያ የምትባል ልጅ የሰራተኞቹን ሕፃናት ይዛ ከታች ብቅ ትላለች፣ ወንድሞቻችሁን እዩአቸው ትላለች ለሕፃናቱ። ልጁ እስከዛች ቀን ድረስ እንደዚህ አይነት ሰዎች መኖራቸውን አያውቅም ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ ቀናሁበት። አለማወቅ እንዴት ያለ ዕረፍት ነው! ወርዶ ልብሱን ከአንድ ሰራተኛ ጋር ተቀያይሮ የሰዓት ቅርጽ ያለው ማሽን ላይ ቆመ፣ 10 ሰዓት የሚፈጀው ፈረቃ ሳያልቅ "አባቴ፣ አስር ሰዓት አያልቅም ወይ" ብሎ ይጮሃል። መጨረሻው ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ሽማግሌ ተልኮ የታረቀ ነገር ነው። ልጁ የአባቱንና የፎርማኑን እጅ ያጨባብጣል፣ ጭንቅላትንና እጅን የሚያገናኘው ልብ ነው ይባላል፣ ይቅር ለእግዜር ተባብለው ይለያያሉ፣ ስለ አስሩ ሰዓት ግን የተነጋገረ ሰው የለም። ላንግ ራሱ በስተርጅናው ይሄ መጨረሻ ተረት ነው ብሎ ጠልቶታል።

ኤሊዚየም ደግሞ አለ፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ኒል ብሎምካምፕ በዚያው በ2013 ያወጣው። ዘመኑ 2154 ነው፣ ሀብታሞቹ ጭራሽ መሬትን ትተው ህዋ ላይ ቀለበት የመሰለ ከተማ ሰርተው ወጥተዋል፣ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ሰው ከገባበት ማንኛውንም በሽታ በደቂቃ የሚያድን አልጋ አለ። መሬት ላይ የቀረው ሕዝብ ቀና ሲል ያያታል። ይሄን ሳይ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት ለዚህ ፊልም የተባለ ነው የመሰለኝ፣ ሴትየዋ ደም ካንሰር የያዛትን ልጇን ታቅፋ ያችን ሰማይ ላይ ያለች ላም ታያለች። ሎስ አንጀለስ ተብሎ የሚታየውን ድህነት የቀረጹት ሜክሲኮ ሲቲ የቆሻሻ መጣያ ላይ ነው፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በወጣበት ፊልም የእውነት ቆሻሻ ሲያስፈልግ ወዴት እንደሚኬድ ያውቁታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማክስ የሚሰራበት ፋብሪካ መልሰው እሱኑ የሚደበድቡትን ፖሊስ ሮቦቶች ነው የሚያመርተው፣ ይሄ ከፊልሙ ውስጥ በጣም የምወደው ሐሳብ ነው፣ ከዚያ ግን ተኩስ ይጀመራል፣ የተቀረውን ታውቁታላችሁ።

እኔን በደንብ የነካኝ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያለፈው ኢን ታይም ነው፣ የ2011ዱ፣ የአንድሪው ኒኮል። ገንዘብ የለም፣ ገንዘቡ ዕድሜ ነው፣ ሰው 25 ዓመት ሲሞላው መልኩ ባለበት ይቆምና ክንዱ ላይ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ደሞዝህ ሰዓት ነው፣ ቡና 4 ደቂቃ ነው፣ ዜሮ ከገባህ እዚያው ተዘርረህ ትቀራለህ። እናትየው እዳዋን ከፍላ ለልጇ ልትደርስ አውቶቡስ ትጠብቃለች፣ ታሪፉ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ጨምሯል፣ ክንዷ ላይ ያላት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሹፌሩ ሩጪ ይላታል። ሮጠች፣ ልጇም ከወዲያ እየሮጠ መጣ፣ እቅፉ ውስጥ ስትገባ ሰዓቷ አለቀ። የታክሲ ታሪፍ ጨመረ ተብሎ ጠዋት ረዳት ጋር ሲጣላ ያደገ ሰው ይሄን ትዕይንት እንደ ሳይንስ ፊክሽን ሊያየው አይችልም።

ከሱ ይልቅ ግን ሌላ ትንሽ ነገር አለች። ልጁ በኋላ ብዙ ዕድሜ አግኝቶ ሀብታሞቹ ሰፈር ሄዶ ምግብ ሲበላ፣ አስተናጋጇ የዚህ ሰፈር ሰው እንዳልሆነ ታውቅበታለች። በምን? ሁሉን ነገር ትንሽ ፈጠን እያለ ስለሚያደርግ። የሀብታም ሰፈር ሰው አይሮጥም። እኛ ቤት የነበረችው ልጅ ዳቦ ስትላክ ሮጣ ትሄዳለች ሮጣ ትመለሳለች፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ፣ "ምን ያሯሩጥሻል ማን አባረረሽ" እላት ነበር። የምትበላው ወጥ ቤት ቆማ ነው፣ ያውም ጎርሳ ሳታላምጥ። ይሄ ጠባይዋ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሁሉም ጋ መሃል ላይ አንድ ነገር አለ፣ ብረት በር፣ መሬት፣ ህዋ፣ በየኬላው የሚከፈል ዕድሜ። ለካሜራ እንደዛ ይመቻል መቼም፣ ልዩነትን በስዕል አሳይ ከተባልክ ግድግዳ ትሰራለህ። ለተመልካችም ይመቻል። ግድግዳ ካለ ማን ወዲህ ማን ወዲያ እንዳለ ይታወቃል፣ ቲኬት የገዛው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከወዲህ፣ ከተበደለው ጋር ነው የሚቀመጠው። ሩቅ ያለ ሀብታም ደስ የሚለው ለዚህ ነው፣ እሱን ሲጠሉ ማንም ዞሮ አያየንም። እኛ አገርም መንግሥት ቤት ሲሰራ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ብሎ ሰውን በቁጠባ ፐርሰንት ለያይቶ ነበር፣ ፉርጎ ቁጥር ይመስላል አይደል፣ ግን 40/60ው ውስጥም 20/80ው ውስጥም ሳሎኑ ጥግ ተጠቅልሎ የቆመ ፍራሽ አለ፣ እሱ ስንት በስንት እንደሆነ አልተነገረንም።

ሳሎኑ

ኮሮና የገባ ሰሞን ነው። ልጅቷ ከኛ ከወጣች ቆይታለች። ባለቤቴ ተኝቷል፣ እኔ ሳሎን ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቼ ዘ ፕላትፎርም የሚባለውን የስፔን ፊልም እያየሁ ነው፣ ጋልደር ጋዝቴሉ ኡሩቲያ የሚባል ዳይሬክተር በ2019 የሰራው። እስር ቤት ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ በየፎቁ ሁለት ሁለት ሰው፣ መሃሉ ላይ ቀዳዳ። ከላይ ምርጥ ምርጥ ምግብ የሞላበት ጠረጴዛ ይወርዳል፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት እንደፈለጉ ይበላሉ፣ ሁለተኛዎቹ የነሱን ትራፊ፣ ሶስተኛዎቹ የትራፊውን ትራፊ፣ እንዲህ እያለ ታች ሲደርስ ሰባራ ሳህን ነው። እና በየወሩ ሰዉን በጋዝ አስተኝተው ፎቁን ይቀያይሩታል። ዛሬ ስድስተኛ የነበርክ ስትነቃ 171ኛ ላይ ነህ።

ያስገረመኝ መቀያየሩ ምንም ለውጥ አለማምጣቱ ነው። እኔ ብሆን ብላችሁ ታስባላችሁ፣ ባለፈው ወር ታች ሆኜ ተርቤ ስለማውቀው፣ አሁን ላይ ስሆን ትንሽ አስተርፋለሁ። ማንም አያስተርፍም። እንዲያውም ታች የነበረው ነው ላይ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ የሚተፋው። አንዷ ሴት በየቀኑ ታች ላሉት በሰሃን ከፋፍላ እያስቀመጠች "ይሄን ብቻ ብሉ፣ ሌላውን ለሚቀጥሉት አስተላልፉ" ብላ ትለምናቸዋለች፣ አይሰሟትም። የሰሟት ባልንጀራዋ ምግባችሁ ላይ እጸዳዳበታለሁ ብሎ ሲያስፈራራላቸው ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብለን የለ፣ ያ ተረት እኛ ጋ ብቻ ያለ የባለስልጣን ተረት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የስፔን እስር ቤትም ይሰራበታል። ወር እስኪሞላ ብላ፣ ነገ የት እንደምትነቃ አታውቅም።

እዚህ ጋ ፊልሙን አቆምኩት። ውሃ ልጠጣ ነው የተነሳሁት። ወጥ ቤቱ በር ጋ ስደርስ ያ ዱካ አሁንም እዚያው አለ፣ እና በቆመችበት የምታስታውስ ሴት ሆኜ ቀረሁ።

ያስታወስኩት መጀመሪያ እሷን አይደለም፣ ራሴን ነው። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት አዲስ አበባ ስመጣ አክስቴ ቤት ነው ያረፍኩት፣ ሁለት ዓመት። መኝታዬ ሳሎን ነው፣ ፍራሼ ቀን ከሶፋው ጀርባ ተጠቅልሎ ይቆማል፣ ማታ ሰው ሲገባ ይነጠፋል። አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ነፍሷን ይማርና እጄን ይዛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ግን ቤቷ እንግዳ አይጠፋውም። የሁለት ሰዓት ዜና ያልቃል፣ ድራማው ይጀምራል፣ ድራማው ያልቃል፣ የባሏ ጓደኛ የሆኑ አንድ ጋሼ ከደርግ ዘመን ይጀምራሉ። እኔ ፈተና አለኝ፣ ዓይኔ ይከደናል፣ በጣቴ እከፍተዋለሁ። አንድ ቀን እንኳን መተኛት ፈለግሁ ብዬ አላውቅም፣ እንዴት ይባላል? እንግዳ ሂድ ነው እኮ! ብቻ የጋሼን ኮት ነው የማየው። ኮታቸውን ሲያነሱ ልቤ ይደልቃል፣ ከዚያ ተነስተው ይሰናበታሉ፣ ከዚያ በሩን ይዘው ቆመው ሌላ ግማሽ ሰዓት ያወራሉ። የሐበሻ ስንብት መቼም ታውቁታላችሁ፣ ቁጭ ከተባለበት የቆመው ይረዝማል።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። የማነበውም የማየውም ሳይሆን ወገቤ የሚያውቀው ነገር ነው። እና ያን ቅዳሜ ማታ ፊልሙን የከፈትነው ሶስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው፣ ማነው ጭራ ማነው ፊት የሚለው ክርክር እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሄዷል። እኛ ቤት ያለው ሳሎን አንድ ነው። የልጅቷ ፍራሽ ተጠቅልሎ የሚቆመው ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ነው፣ ዱካዋን ያስጠጋችው እሱ ላይ ነው። ሶፋ እያለ እዚያ የተቀመጠችው ትሁት ስለሆነች መስሎኝ ነበር። ጠዋት አስራ አንድ ተኩል ላይ የምትነሳ ልጅ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንኳን ስድስት ሰዓት ነው ማለት የማትችል ልጅ፣ ምን ብላ ነው የምትጠይቀው? "ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚያድረው" ብላ ነዋ።

እኔ ደግሞ ሳቅኩ። እኔ፣ የጋሼን ኮት ስጠብቅ ያደግሁት።

ሌላም አለ፣ ይቺን እንኳን ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ክርክሩ አልቆ እንግዶቹን በር ድረስ ሸኝተን (ቆመን እያወራን፣ እንግዲህ) ስንመለስ ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ዱካው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ትከሻዋን ነካ አድርጌ ምን አልኳት መሰላችሁ፣ "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ነው እንዴ የምትተኚው?" እየሳቅኩ ነው ያልኩት፣ በፍቅር ነው። ብድግ አለችና "ይቅርታ እትዬ" አለች።

ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ብዙ ተከራክሬያለሁ። ደሞዟን አንድ ቀን አሳልፌባት አላውቅም፣ ማታ ትምህርት አስገብቻታለሁ፣ ስትታመም ያሳከምኳት እኔ ነኝ፣ ቤቱ አንድ መኝታ ነው ታዲያ የት ላስተኛት፣ እኛም ተከራይ ነን። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ደግሞ ዊልፎርድ ትዝ ይለኛል፣ ያ የባቡሩ ባለቤት፣ የሌሊት ልብሱን ለብሶ ስጋ እየጠበሰ ለአመጹ መሪ ለኩርቲስ አንድ በአንድ ሲያስረዳው፣ እሱ የሚለውም በቁጥር ከሄዳችሁ ውሸት የለበትም እኮ፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ምግቡ የተወሰነ ነው። ከዚያ ወለሉ ይነሳል፣ ከስሩ ከጭራ የተወሰደው ትንሹ ልጅ ቲሚ ማሽኑ ውስጥ ተቀርቅሮ በእጁ እየሰራ ነው። የሞተሩ ዕቃ አልቆ መለዋወጫ ስለሌለ፣ ቦታውም ሕፃን ልጅ ብቻ የሚያስገባ ስለሆነ። ደላላው ልጅቷን ሲያመጣልን አስራ ስምንት ሞልቷታል አለ። አስራ ስምንት አትመስልም ነበር። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኩም፣ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ቀጭን መሆኗ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከጓዳው ስር

ቦንግ ጁን ሆ የልጅቷን ጥያቄ የሰማ ይመስል ከስድስት ዓመት በኋላ ፓራሳይትን ሰራ። ይሄኛው ዲስቶፒያ (የከፋ የወደፊት ዓለም የሚያሳይ ፊልም) የሚባል አይደለም፣ በረዶም ሮቦትም የለም፣ ሴኡል ነው፣ ዛሬ ነው፣ አንድ ቤት ነው። ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ወሰደ፣ በ2020 ደግሞ ከእንግሊዝኛ ውጪ የተሰራ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የኦስካር ምርጥ ፊልም ተባለ። እኔ ግን ከባቡሩ በኋላ ስለመጣ ብቻ የባቡሩ ክፍል ሁለት አድርጌ ነው የማየው። ግድግዳውን አነሳው። ድሃዎቹ ሀብታሙ ቤት ገብተዋል፣ ያበስላሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ ልጅ ያስጠናሉ፣ አልጋ ያነጥፋሉ። እና የቤት ሰራተኛዋ ባል የት ነው የሚያድረው? እዚያው፣ ከጓዳው መደርደሪያ ጀርባ ባለ በር በኩል ተወርዶ ከመሬት ስር፣ ዓመታት፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁ።

እዚህ ፊልም ውስጥ ሀብታሙ ሰውዬ ክፉ አይደለም፣ ጨዋ ነው፣ ያመሰግናል፣ ደሞዝ ይከፍላል። የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ሹፌሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ወሰኑን አያልፍም፣ ጠረኑ ግን ያልፋል። የምድር ውስጥ ባቡር የሚሳፈር ሰው ጠረን ይለዋል። መጨረሻ ላይ ሰውዬውን የሚያስገድለው ይሄ አፍንጫውን መያዙ ነው። ኤሊዚየም ላይ ግን ማንም አፍንጫውን መያዝ አያስፈልገውም፣ ህዋ ላይ ጠረን አይደርስማ።

ስለዚህ ፊልም ብዙ ተጽፏል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። ብቻ ሲኒማ ካየሁት በኋላ ቤት ስገባ ወጥ ቤቱን በር ከፍቼ ለረጅም ሰዓት ቆሜያለሁ፣ ምን እንደምፈልግ እንጃ።

ድቡ

ልጅቷ አሁን ጂዳ ናት። ሶስት ዓመት አልፏታል። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ በኢሞ ድምጽ ትልክልኛለች፣ "እትዬ ደህና ነዎት፣ ጋሼስ" ትላለች፣ አሁንም እርስዎ ነኝ። ፓስፖርቷ ማዳም ጋ ነው፣ ስልክ የሚሰጣት አርብ አርብ ነው፣ ይሄን እንደ ቅሬታ አታወራውም፣ ለምን እንደዘገየች ስታስረዳኝ ነው የሰማሁት።

በቀደም ድፍረት አግኝቼ ላኩላት። ያ ባቡር ፊልም ትዝ ይልሻል ወይ፣ ያን ቀን እስከ ሌሊት አስቀምጠንሽ ነበር፣ አሁን ነው የገባኝ፣ ምናምን እያልኩ አራት ደቂቃ ቀባጠርኩ። መጨረሻ ላይ፣ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ "አሁንስ የት ነው የምታድሪው?" አልኳት።

መልሷ የመጣው በስምንተኛው ቀን አርብ ማታ ነው። ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፣ ከኋላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ድምጽ አለ። "ውይ እትዬ፣ ባቡሩ! ጋሼ ሲተረጉም እኮ ያስቀኝ ነበር" አለች። ስለመቀመጧ፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ይቅርታዬ ምንም አላነሳችም። "እኔ ደህና ነኝ፣ ማጠቢያው ጎን ክፍል ሰጥተውኛል፣ መስኮት የለውም ግን በር አለው፣ ከውስጥ ይቆለፋል" አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣ "ቆይ ግን መጨረሻው ምን ሆነ? እኔ እኮ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

ላኩላት። ኩርቲስ እንደሚባል፣ ልጁን ከማሽኑ ለማውጣት የገዛ እጁን የማሽኑ ጥርስ ውስጥ ከትቶ እንዳስቀረው፣ አብሮት የነበረው ኮሪያዊ የፊቱን በር ትቶ የጎኑን፣ ወደ ውጪ የሚያስወጣውን በር እንዳፈነዳው፣ ከፍንዳታው በረዶው ተንዶ ባቡሩ እንደተገለበጠ። ከዚያ ሁሉ ሰው ስትወጣ የምናያት አንዲት ወጣትና ያ ትንሽ ልጅ ብቻ እንደሆኑ። በረዶው ላይ ቆመው ቀና ሲሉ ከሩቅ ተራራው ላይ አንድ ነጭ ድብ እንዳዩ፣ እሱም እንዳያቸው፣ ፊልሙም እዚያ ላይ እንዳለቀ። ብዙ ሰው ተስፋ ነው ይላል፣ ሕይወት ውጪም አለ ማለት ነው አልኳት፣ ያነበብኩትን ሁሉ ጨማምሬ።

የሚቀጥለው አርብ መጣ። አጭር ናት፣ አስር ሰከንድ አትሞላም።

"እትዬ፣ ድቡ የጠገበ ነው የራበው?"

ፊልሙን ፈልጌ መጨረሻውን ከፈትኩት። ስልኬን ቲቪው ጋ አስጠግቼ ሶስት ጊዜ መለስኩት። ድቡ ቆሟል፣ አንገቱን ዘወር አድርጎ ያያቸዋል። ሆዱ አይታይም።